ከሙቱ ሐዲድ የመጣች ጣሳ

አንድ አንባቢ የላከልኝ ጥያቄ ረዘም ያለ ስለነበር አሳጥሬ አቀርበዋለሁ።

«ሩሲያ ውስጥ የማስተርስ ተማሪ ነኝ። ባለፈው ክረምት ከሩሲያውያን ጓደኞቼ ጋር ወደ ሰሜን ሄደን፣ በሳሌካርድና በናዲም መካከል ያለውን የተተወ የባቡር መስመር አየን። በስታሊን ጊዜ እስረኞች የሠሩት ነው። ሰዉ ‹የሙት መንገድ› ይለዋል። ከአንድ ከፈራረሰ ካምፕ ሦስት ነገር አነሳሁ፦ አንድ የሐዲድ ሚስማር፣ ከቆርቆሮ ጣሳ የተሠራች የሽቦ እጀታ ያላት ኩባያ፣ እና እሾሃማ ሽቦ የተመታበት ቁራጭ ጣውላ። ኩባያዋ ላይ ሁለት የሩሲያ ፊደላትና ሰባት ጭረት አለ። ሰውየው ሰባት ዓመት የታሰረ ይመስለኛል። አያቴ ድሬዳዋ የምድር ባቡር ሠራተኛ ስለነበሩ ሚስማሩን ሳይ አላስቻለኝም። አሁን ሁሉም ዝገት በዝገት ናቸው። እንዴት ላጽዳቸው? ዋጋ ያወጣሉ? አገር ቤት ይዣቸው ብመጣ ሙዚየም ይቀበለኛል? ደግሞ ከሐዲዱ በታች ባለው በየአግዳሚው እንጨት ሥር አንድ ሬሳ አለ የሚባለው እውነት ነው?»

አታጽዳቸው። የዝገት ማስለቀቂያ ገዝተህ ከሆነ ክዳኑን ሳትከፍት አስቀምጠው። አቼቶም፣ ሎሚም፣ ኮካም፣ የሽቦ ብሩሽም አይንካቸው። ዩቲዩብ ላይ ዝገት እንደ ልብስ እድፍ ለቅቆ ብረቱ ሲያብረቀርቅ የሚያሳዩ ቪዲዮዎች ሞልተዋል። ለመፍቻና ለመዶሻ ይሁን ግድ የለም። አንተ እጅ ላይ ላሉት ግን ዝገቱ የዕቃው ቆዳ ነው። ፊደሎቹ የተጫሩት፣ ጥላሸቱ የተጋገረው፣ አፈሩ የተጣበቀው እዚያ ቆዳ ላይ ነው። እሱን አንስተህ የምታገኘው ንጹሕ ቆርቆሮ መርካቶም አለ።

ስለ መስመሩ የሰማኸው ግማሹ ልክ ነው፣ ግማሹ ወሬ ነው። ታሪኩን ሳትይዝ ዕቃውን ማንበብ ስለማትችል ከዚያ ልጀምር። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የሶቪየት መንግሥት በ1947 በኦብ ወንዝ መውጫ አካባቢ፣ ኬፕ ካሜኒ የሚባል ቦታ ላይ ትልቅ ወደብ ሊሠራ አሰበ። ወደቡ ድረስ የሚደርስ የባቡር መስመርም ታዘዘ። ውኃው ለትልልቅ መርከብ ጥልቀት እንደሌለው በደንብ የታወቀው ግን ሥራው ከተጀመረ በኋላ ነው። በ1949 እቅዱ ተገለበጠ። ወደቡ የኒሴይ በሚባለው ወንዝ ላይ ወዳለችው ኢጋርካ ተዛወረ፤ ሐዲዱም ከሳሌካርድ ወደ ምሥራቅ 1,300 ኪሎ ሜትር ገደማ እንዲዘረጋ ተወሰነ። ከምዕራብ የሚሄደው «ግንባታ 501»፣ ከምሥራቅ የሚመጣው «ግንባታ 503» ተባለ። ጥናቱ፣ ንድፉና ግንባታው የተካሄዱት ጎን ለጎን ነው። መሐንዲሱ ወንዙን ለክቶ ሳይጨርስ እስረኛው አፈር ይደለድላል። መሬቱ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ከሥሩ በረዶ ነው። ላዩ በሙቀቱ ወራት ይቀልጥና እንደ ገንፎ ይሆናል፤ ቅዝቃዜ ሲመጣ መልሶ ያብጣል። ሐዲዱ ተጣምሞ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ያየኸው ለዚህ ነው፤ ማንም አፈንድቶት አይደለም።

ስታሊን ማርች 5 ቀን 1953 ሞተ። ወሩ ሳያልቅ ሥራው እንዲቆም ታዘዘ። እስከዚያ ወደ 700 ኪሎ ሜትር ሐዲድ ተነጥፎ ነበር። መስመሩ ግን ሁሉም አልሞተም፤ ከቹም ጣቢያ እስከ ላቢትናንጊ ያለው የመጀመሪያው ክፍል ዛሬም ባቡር ይሄድበታል። ከሞስኮ በባቡር ሄደህ ላቢትናንጊ ወርደህ ወንዙን ተሻግረህ ከሆነ ሳሌካርድ የገባኸው፣ መጨረሻውን የተጓዝከው በእስረኛ እጅ በተሠራ መስመር ላይ ነው። ትኬቱ ላይ ግን ይህ አይጻፍም።

የሬሳውን ነገር ቁጭ ብለህ አስላው። በአንድ ኪሎ ሜትር ሐዲድ ሥር ከሺህ በላይ አግዳሚ እንጨት ይገባል። ሰባት መቶ ኪሎ ሜትር ስትል ከ700,000 በላይ ይሆናል። ይህን ያህል ሰው እዚያ ሠርቶም አያውቅ። አነጋገሩ የሐዘን አነጋገር ነው፤ እንደዚያው ይወሰድ። ሰው አልሞተም ማለቴ አይደለም። በብርድ፣ በበሽታ፣ በሥራ አደጋ፣ በጥይት ሞቷል። የሞቱት የሚቀበሩት በየካምፑ አቅራቢያ ነበር፤ ብዙ ጊዜ ስም ሳይሆን ቁጥር የተጻፈበት ችካል ተተክሎላቸው። እንጨቱ ሲበሰብስ ቁጥሩም አብሮ ጠፋ። የተጋነነ ቁጥር ይዘህ ከተከራከርክ፣ ነገሩን ከነጭራሹ መካድ የሚፈልግ ሰው በዚያች በአንዷ ስህተት ገብቶ ሌላውን ሁሉ ውሸት ያደርግብሃል። ስለዚህ የምታውቀውን ብቻ ተናገር።

ሌላ የሚሳሳቱበት ነገር ሰንሰለት ነው። ኢንተርኔት ላይ «የጉላግ የእግር ብረት» እየተባለ የሚሸጥ አለ፤ ጉላግ የሶቪየት የእስር ካምፖች ሥርዓት ነው። እስረኛን በእግር ብረት አስሮ ሥራ ማሰማራት የዛር፣ ማለትም ከሶቪየት በፊት የነበሩት የሩሲያ ነገሥታት፣ ዘመን ነገር ነው። የስታሊን ካምፕ በአጥር፣ በጠመንጃ፣ በውሻና በዳቦ ይሠራ ነበር፤ በተለይ በዳቦ። ኮታህን ካልሞላህ ድርሻህ ይቀነሳል። በ501 እና በ503 ደግሞ ሌላ ማባበያ ነበር። ኮታውን የሞላ እስረኛ አንዱ ቀን ከአንድ ቀን በላይ ይታሰብለታል፤ ፍርዱ ያጥራል። በዚህ ምክንያት ወደዚያ ለመላክ የሚመኝ እስረኛም ነበር። ግራ ያጋባል፤ ግን እውነት ነው። ከእስረኞቹም ብዙዎቹ የፖለቲካ ሰዎች አልነበሩም። በ1947 የወጣው የስርቆት ድንጋጌ ትንሽ እህል ወይም ጨርቅ ከመንግሥት በወሰደ ሰው ሁሉ ላይ ረጅም ዓመት ያስፈርድ ስለነበር፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተራበ ሕዝብ ካምፖቹን ሞላቸው።

አሁን ወደ ኩባያዋ። ከሦስቱ ዕቃ እኔን እንቅልፍ የነሳችኝ እሷ ናት።

«የእስረኛ ናት» ብለህ ወስነሃል። በምን አወቅህ? እነዚያ ጎጆዎች ከ1953 በኋላ ባዶ ብቻ አልቆሙም። ከሐዲዱ ጎን የተዘረጋውን የስልክ መስመር የሚጠብቁ ሠራተኞች ለብዙ ዓመታት ተመላልሰውባቸዋል። ጋዝና ነዳጅ ፈላጊ ጂኦሎጂስቶች አድረውባቸዋል። አጋዘን የሚያረቡት ኔኔቶች ተጠልለውባቸዋል፤ አዳኝና ዓሣ አጥማጅም እንዲሁ። ከእነሱ በፊት ደግሞ ወታደሮች፣ ደሞዝተኛ ሠራተኞችና ባለሥልጣናት ነበሩ። ሁሉም ሻይ ይጠጣል፤ ከሁሉም እጅ ጣሳ አይጠፋም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ የት ቤት ውስጥ አገኘሃት የሚለው ነው። ከአጥሩ ውስጥ ነው ወይስ ከአጥሩ ውጭ? የጠባቂዎቹ ማደሪያ አብዛኛውን ጊዜ ከአጥሩ ውጭ ነበር። መስኮቱ ፍርግርግ ያለው፣ ክፍሉ እንደ ሳጥን የጠበበ፣ ከሌላው ተነጥሎ የቆመ ቤት ከሆነ የቅጣት ቤቱ ሊሆን ይችላል። መሬት ላይ ነበረች ወይስ ከወለሉ ጣውላ ሥር ተደብቃ? ከጎኗ ምን ነበር? እነዚህን ስትመልስ ኩባያዋ መናገር ትጀምራለች። ካልመለስክ ግን ጣሳ ናት፤ በቃ።

ሰባቱን ጭረት ሰባት ዓመት አድርገሃል። ሰባት ቀንም ይሆናል፣ ሰባተኛ ብርጌድም ይሆናል፣ ካርታ ሲጫወቱ የተያዘ ነጥብም ይሆናል። ግንባታው ራሱ ከስድስት ዓመት ብዙም አላለፈም፤ ሰውየው ሌላ ቦታ የታሰረውን ጨምሮ ካልቆጠረ ሂሳቡ አይመጣም። ሙዚየም ውስጥ ካርድ ስንጽፍ «ሁለት ፊደላት፣ ሰባት ትይዩ ጭረቶች፣ በሹል ብረት» ብለን እናቆማለን። ትርጉሙ ለሚቀጥለው ሰው ይቆየው።

እስቲ ሳታጽዳት ዝም ብለህ እያት። ክፍሉን አጨልምና የስልክህን መብራት ከጎን፣ ከኩባያዋ ጋር ሊነካካ እስኪል ዝቅ አድርገህ አብራ። ጭረቱ ጥላ ይጥላል። ከፊት ስታበራ ያላየኸው ሌላ ፊደል ብቅ ሊል ይችላል። መብራቱን እያዞርክ ብዙ ፎቶ አንሳ። ቀጥሎ ቂጧን ገልብጠህ እይ። የጣሳ ፋብሪካዎች ታች ላይ ቁጥርና ፊደል በማኅተም ይረግጣሉ። እሱ ከተነበበ ጣሳው መቼና የት እንደታሸገ ሊነግርህ ይችላል። የ1960ዎቹ ሆኖ ከተገኘ የጂኦሎጂስት ሻይ መጠጫ ናት፤ አትዘን፣ እውነቱ ይሻላል። እጀታዋን ደግሞ እይ። ሽቦው እንዴት ነው የታጠፈው? ጫፉ በፒንሳ ተቆርጧል ወይስ እየታጠፈ እየተዘረጋ ተሰብሯል? ፒንሳ የሌለው ሰው ሽቦን እያጠፈ ነው የሚሰብረው፤ ስብራቱ ሻካራ ይሆናል። ምናለሽ ተራ ተመላልሰህ ከሆነ ይህን አትስተውም። ጣሳ ወደ ኩራዝ፣ ጣሳ ወደ ኩባያ ሲለወጥ አይተህ ያደግህ ልጅ ነህ፤ አንድ አውሮፓዊ ባለሙያ ከመጽሐፍ የሚማረውን አንተ በዓይንህ ታውቀዋለህ። ከንፈር የሚነካበት ጠርዝ ወደ ውስጥ ተቀጥቅጦ ለስልሷል ወይስ ስለታም ነው? የለሰለሰ ከሆነ ሰውየው ለረጅም ጊዜ ሊጠቀምባት አስቦ ነው የሠራት።

ውስጧ የደረቀ ነገር ካለ እንዳትነካው። ሻይ፣ ሾርባ፣ ቅባት ወይም የቅጠል ዝቃጭ ሊሆን ይችላል። ቪታሚን እንዳይጎድላቸው የጥድ ቅጠል ቀቅለው ይጠጡ የነበሩ ካምፖች አሉ። ላቦራቶሪ ያለው ሰው አንድ ቀን ሊመረምረው ይችላል፤ አንተ በሳሙና ካጠብከው ግን ማንም አይችልም።

ይህን የምልህ ስላቃጠለኝ ነው። ጀማሪ ሳለሁ፣ ስሙን የማልጠራው አንድ ቦታ፣ አንድ ዝገት የበላው የቆርቆሮ ክዳን ሰጡኝ። ቀኑን ሙሉ በቀጭን ብሩሽ ፈትጌ አሳምሬ አስረከብኩ። አለቃዬም አመሰገኑኝ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ክዳኑ ሲገኝ የተነሳ ፎቶ ከአንድ ፖስታ ወጣ። ክዳኑ ላይ በቀለም እርሳስ የተጻፈ ሁለት መስመር ጽሑፍ ነበር። በፎቶው አይነበብም፤ ጽሑፍ መሆኑ ብቻ ይታያል። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። እስከ ዛሬ ብሩሽ ሳነሳ ያ ክዳን ትዝ ይለኛል።

ስለ ዝገቱ ራሱ። ዝገት ሁለት ዓይነት ነው በለው። አንዱ የተኛ ነው፦ ጠቆር ያለ ቡናማ፣ ደረቅ፣ ጠበቅ ብሎ የተጣበቀ። ይህ ለጊዜው ጉዳት የለውም፤ እንዲያውም ሥሩ ያለውን ብረት ይሸፍናል። ሌላው ንቁ ነው፦ ብርቱካናማ ዱቄት ይረግፋል፣ ትናንሽ እንባ የመሰሉ ጠብታዎች ይታያሉ፣ በቅርፊት በቅርፊት ይላጣል። ብዙ ጊዜ ጨው ገብቶበታል ማለት ነው። ያንተዎቹ የተገኙት ከባሕር ርቆ ካለ ረግረግ ስለሆነ ጨው የመያዛቸው ዕድል ዝቅተኛ ነው። የረግረጉ ውኃ ግን አሲድነት አለው፤ እሱ ቀስ እያለ ይበላል። ብረት የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፦ ደረቅ አየር። የአየሩ እርጥበት ከ40 በመቶ በታች ከሆነ ዝገቱ ቀጥ ይላል ማለት ይቻላል። የሩሲያ ቤት በብርዱ ወራት በማሞቂያ ስለሚደርቅ ለሚስማሩና ለኩባያዋ ገነት ነው።

ለጣውላው ግን ሲኦል ነው። ዓመታትን በእርጥበት የኖረ እንጨት ማሞቂያ አጠገብ ከዋለ በሳምንት ይሰነጠቃል። እንጨት ቀስ ብሎ መድረቅ አለበት፤ ብረት ደግሞ ቶሎ። አንተ ያነሳኸው ሁለቱ በሚስማር የተጋቡበትን ነው። ይህ ለኛም ራስ ምታት ነው። ስቶክሆልም ውስጥ ያለችው ቫሳ የተባለች መርከብ በ1628 ሰጥማ በ1961 ስትወጣ እንጨቷ እንዳይሰነጠቅ ለ17 ዓመት ፖሊኤቲሊን ግላይኮል የሚባል ሰም መሰል ነገር ሲረጭባት ኖረ። ለእንጨቱ መድኃኒት ነው፤ ብረትን ግን ይበላል። የብረት ብሎኖቿን በሺዎች መለወጥ ግድ ሆነ። ስለዚህ «ምን ልቀባው» ብለህ አትጨነቅ። ዘይትም፣ ቫርኒሽም፣ ሰምም አትቀባ። ጣውላውን ከማሞቂያ ራቅ አድርገህ፣ ፀሐይ በማያየው ቀዝቀዝ ያለ ቦታ፣ በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ለቀቅ አድርገህ ጠቅልል። ሽቦውን ከእንጨቱ ለማላቀቅ እንዳታስብ። ሽቦ ለብቻው ምንም አይናገርም፤ ከብት ማጎሪያም ጦር ሜዳም የሚታጠረው በዚያው ሽቦ ነው። የሚናገረው እንዴት እንደተመታ ነው፤ በየትኛው ጎን፣ በምን ሚስማር፣ ወደ ውስጥ ወይስ ወደ ውጭ።

ኩባያዋንና ሚስማሩን ለየብቻ ዚፕ ባለው ፕላስቲክ ከረጢት አድርግ። አዲስ ጫማ ስትገዛ ካርቶኑ ውስጥ የምታገኛትን ሲሊካ ጄል አብረህ ጨምር፤ ብረቱን ግን አታስነካት። በጓንት ያዛቸው፣ የእጅህ ላብ ጨው አለው። እጀታዋን ይዘህ አታንሳት፤ ከሥር ደግፈህ በሁለት እጅ። ቤት ውስጥ የምትሠራው ይኸው ነው። ከዚህ በላይ ኤክስሬይ፣ ማይክሮስኮፕና ልምድ ይፈልጋል። ታኒክ አሲድ፣ አክሪሊክ መሸፈኛ ሲባል ሰምተህ ይሆናል፤ በየሥራ ቤታችን አሉ፣ ግን ለየዕቃው ነው የሚወሰኑት።

ዛሬውኑ መሥራት ያለብህ ደግሞ ከዕቃው ይልቅ ከወረቀት ጋር ነው። ከካምፑ ስታነሳቸው ትልቁን ነገር እዚያው ትተኸው መጥተሃል፦ ቦታውን። ደግነቱ ስልክ ይዘህ ነበር። የዚያን ቀን ያነሳሃቸውን ፎቶዎች ክፈትና ዝርዝር መረጃቸውን እይ። የቦታ አገልግሎቱ ክፍት ከነበረ ፎቶው የት እንደተነሳ ከነመጋጠሚያ ቁጥሩ (ኬክሮስና ኬንትሮሱ) ተቀምጧል። ፎቶዎቹን በዋትስአፕና በቴሌግራም ስትልክ ይህ መረጃ ብዙ ጊዜ ይጠፋል፤ ስለዚህ ዋናውን ፋይል ያዝ። ከጓደኞችህም ዋናውን ጠይቅ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የትኛው ቤት፣ የትኛው ጥግ እንደነበረ በእርሳስ ጻፍ። የረሳኸውን «ረስቻለሁ» ብለህ ጻፍ። አትሙላው።

ስለ ዋጋ ጠይቀሃል። ሚስማሩ እንደ ቁራጭ ብረት ጥቂት ሩብል ነው። ሰብሳቢዎች ከዚያ በላይ ይከፍላሉ፤ ግን አትሽጥ። ገበያ በተፈጠረ ቁጥር ሰዎች ካምፖቹን ለመቦርቦር ይሄዳሉ። በ1990ዎቹ ከዚያው መስመር ላይ ሐዲድ እየተነቀለ ተወስዷል። ከሐዲዶቹ አንዳንዶቹ የዛር ዘመን ማኅተም ያላቸው ነበሩ፤ ከጦርነቱ በኋላ ብረት ስለጠፋ ከየአሮጌው መስመር እየተለቀመ የመጣ ነው። ሐዲዱ ጎን ላይ ያለ ዓመተ ምሕረት ፎቶ አንስተህ ከሆነ ለኔ ከሚስማርህ ይበልጣል።

አገር ቤት ስለማምጣት። ከ50 ዓመት በላይ ያስቆጠረ የባህል ዕቃ ከሩሲያ ሲወጣ የባለሙያ ምርመራና ፈቃድ ሊጠየቅበት ይችላል። አንተ «ጣሳ ነው» ትላለህ፤ የጉምሩክ ሰው ሌላ ይላል። የተማሪ ቪዛህን ለጣሳ አታስይዝ። የሚገርመው፣ እዚያው አገር የአርኪዮሎጂ ቅርስ የሚባለው ከመቶ ዓመት በላይ የሆነው ነው። የ1949 ካምፕ ለአርኪዮሎጂ ሕግ ገና ልጅ ነው። ስትወጣ አርጅቷል ይሉሃል፣ ሊጠበቅ ሲገባ አልደረሰም ይላሉ። በዚህ ክፍተት ነው ብዙ ነገር የሚጠፋው።

ፈቃዱን ብታገኝ እንኳ አዲስ አበባ ላይ ማን ይቀበልሃል? መስቀል አደባባይ ያለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ገብተህ ታውቅ ይሆናል። እዚያ ከጅምላ መቃብር የወጡ ልብሶች፣ ገመዶች፣ ጫማዎች አሉ። እነዚያ ዕቃዎች ጉልበት ያላቸው እዚያው ከተማ ውስጥ፣ ዘመድ መጥቶ «ይህ የወንድሜ ነው» ሊልባቸው የሚችልበት ቦታ ስለተቀመጡ ነው። ያንተ ጣሳ ዘመዶች ካሉ ያሉት ሩሲያ፣ ዩክሬን፣ ባልቲክ አገሮች ናቸው። ቦሌ ላይ የሚጠብቃት የለም።

ታዲያ ለማን? ሞስኮ ያለው የጉላግ ታሪክ ሙዚየም ከየካምፑ የተነቀሉ በሮች ሳይቀር የሰበሰበ፣ በዓለም የተመሰገነ ቦታ ነበር። በኖቬምበር 2024 የእሳት አደጋ ደንብ አላሟላም ተብሎ ተዘጋ። የእስረኞችን ደብዳቤና ዕቃ ለሠላሳ ዓመት ያከማቸው ሜሞሪያል የተባለው የሩሲያ ድርጅት በ2021 መጨረሻ በፍርድ ቤት እንዲፈርስ ተወሰነበት፤ በሚቀጥለው ዓመት ከኖቤል የሰላም ሽልማት ተካፋዮች አንዱ ሆነ። ፐርም አካባቢ ያለው የፐርም 36 ካምፕ ሙዚየም በ2014 እና 2015 ከመሥራቾቹ እጅ ወጥቶ ወደ አካባቢው መንግሥት ዞሯል። ይህን የምነግርህ ዕቃ መስጠት ማለት ታሪኩን አብሮ መስጠት እንደሆነ እንድታውቅ ነው። የሚጻፍለትን ካርድ አንተ አትቆጣጠርም።

ያም ሆኖ ከመስመሩ አጠገብ ያሉ የክልል ሙዚየሞች አሉ። ሳሌካርድ ውስጥ የሸማኖቭስኪ ሙዚየም አለ። ኢጋርካ ውስጥ ከመሬት በታች የሚገባበት የዘላለማዊ በረዶ ሙዚየም አለ፤ የ503ን ታሪክ ይዟል። አንተ ያነሳኸው ከ501 በኩል ስለሆነ የሳሌካርዱ ይቀርባል። የመስመሩን ጂኦግራፊ በእግራቸው የሚያውቁ ሰዎች የሚገኙት እንዲህ ያለ ቦታ ነው፤ መጋጠሚያ ቁጥሩን ስታሳያቸው የትኛው ካምፕ እንደሆነ ሊለዩት ይችላሉ። ሞስኮ ያለ ባለሥልጣን ያንን አያውቅም።

ስለዚህ እንዲህ አድርግ። ሦስቱንም አንድ ላይ ለሳሌካርዱ ሙዚየም ስጥ። አትለያያቸው። አስቀድመህ በኢሜይል ጻፍላቸው፤ ፎቶውንና መጋጠሚያውን አያይዝ፤ ቢቻል አንዱ ሩሲያዊ ጓደኛህ አብሮህ ይፈርም። ሲቀበሉህ የርክክብ ወረቀት ጠይቅ። ወረቀቱ ላይ የዕቃው መግለጫ፣ ቀኑ፣ የተረካቢው ፊርማ ይኑር። በኋላ መዝገብ ላይ ሲገባ የሚሰጠውን ቁጥር ጠይቀህ ያዝ። «አስቀምጠው፣ እናየዋለን» ብቻ ካሉህ መልሰህ ውሰድ፤ ያለ መዝገብ የተቀመጠ ዕቃ ዕቃ ቤት ውስጥ እንደገና ነው የሚጠፋው።

አንድ ሌላ አማራጭ ታስብ ይሆናል፦ ካገኘሁበት ብመልሳቸውስ? ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ግን አልመክርም። አንዴ ከተነሳ በኋላ መልሶ ማስቀመጥ የሚቀጥለውን ተመራማሪ ያሳስታል። ደግሞ ከአንተ በኋላ የሚሄድ ሌላ ቱሪስት ይወስዳቸዋል።

ዳግመኛ ከሄድክ ካሜራህን እንጂ ቦርሳህን አትክፈት። ጣሪያው የተንጋደደ ቤት ውስጥ አትግባ። በዛገ ሚስማር ተወግተህ ከሆነ የቴታነስ ክትባት ውሰድ፤ ይህ ቀልድ አይደለም። አጥንት ካየህ አትንካ፣ ቦታውን መዝግበህ ለአካባቢው አስተዳደር ንገር። በሩሲያ ሩቅ ምሥራቅ ወዳለው ኮሊማ ድረስ እሄዳለሁ ካልክ ቡቱጊቻግ ከሚባለው ካምፕ ጠጠርም እንዳታነሳ። እስረኞች ዩራኒየም ያወጡበት የነበረ ቦታ ነው፤ ዛሬም ጨረር ያለባቸው ክፍሎች አሉት።

ሚስማሩን በተመለከተ። የሐዲድ ሚስማር ሙዚየሞች በሳጥን በሳጥን አላቸው። «ይሄኛውን አንፈልገውም» ብለው ሊመልሱልህ ይችላሉ። ከመለሱልህ አለመፈለጋቸውን በጽሑፍ ስጡኝ በል፤ አገር ቤት መውሰድ ከፈለግህም ፈቃድ እንደሚያስፈልገው እዚያው ጠይቃቸው። ያን ጊዜ ለአያትህ ታሳያቸዋለህ። ሚስማሩን አዟዙረው አይተው፣ አንገቱ ላይ ያለውን የመዶሻ ምልክት ቆጥረው፣ የመታው ሰው ሥራውን የሚችል ይሁን አይሁን ይነግሩሃል። ያሉህን ጻፍና ላክልኝ።